እናቴን የጠበቅኩበት ዓመት

ባለፈው ዓመት ለሥራ ነገሌ ሄጄ ሁለት ቀን ቆየሁ። የታመመች ባልደረባዬን ለመጠየቅ ወደ ሆስፒታሉ ገብቼ ኮሪደሩን ስጀምር የበረኪና ሽታ አፍንጫዬን መታው። ወለሉን ገና ማጠባቸው ነበር። ሳላዘው ምላሴ ተነሥቶ የፊት ጥርሴን ከውስጥ ነካ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ልማድ ጋር ከተለያየን ስንት ዘመናችን ነው። ግድግዳውን ተደግፌ ትንሽ ቆየሁና ሣቄ መጣ።

አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ባጃጅ ነገሌ ውስጥ ገና መታየት የጀመረበት ዓመት ነው። አባቴ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስለሆነ ፊልቱ ተመድቦ እዚያው ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። እናቴ አስቴር ነገሌ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። እኔ ሰብለ አንድ ልጃቸው ነኝ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ የአዴ ሀሊማ የወንድም ልጅ አዲስ ባጃጅ ይዞ መጣ። አዴ ሀሊማ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው ሴት ናቸው፤ በኦሮምኛ አዴ እናት ማለት ስለሆነ ትልቁም ትንሹም እንደዚያ ይጠራቸዋል። ልጁ የሰፈሩን ልጆች አምስት አምስት እያደረገ ከተማውን ያዞረን ጀመር። በገበያው በኩል፣ እስከ ጦር ሰፈሩ በር፣ ከዚያ በመናኸሪያው ዞሮ ወደ ሰፈር። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጭቃው እስከ ፊታችን ይረጫል። እኔ እየተለመንኩ ሳይሆን እየለመንኩ ሦስት ጊዜ ዞርኩ። እንዲያ የሳቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ቤት ስደርስ ግቢያችን በሰው ተሞልቷል። አባቴ የተሳፈረባት መኪና መንገድ ላይ ተገልብጣ ነበር። የሞተ ሰው አልነበረም፤ አባቴም ቀኝ ክንዱ ተሰብሮ ተረፈ። ሰው ሁሉ ተመስገን ይላል። እኔ ግን በሰዎቹ መካከል ቆሜ አንድ ነገር ብቻ እያሰላሁ ነበር። ሌላ ቅዳሜ አባቴ ሲመጣ ከጠዋት ጀምሮ አሁን የት ደረሰ፣ አሁን የት ደረሰ እያልኩ ነው የምውለው። ያን ቀን ባጃጅ ላይ ሳለሁ አንድም ጊዜ አላሰብኩትም። ሌላ ቅዳሜ ደግሞ ተገልብጦ አያውቅም።

ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ ደረስኩበት። ሳስባቸው ደህና ይሆናሉ፤ ስረሳቸው ይገለበጣሉ።

አባቴ ክንዱ በጄሶ ታስሮ ስድስት ሳምንት እኛ ጋ ተቀመጠ። ጄሶው ውስጥ ሲያሳክከው በእስክሪብቶ ጫፍ ያካል፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አየዋለሁ። ተሽሎት ወደ ፊልቱ ሲመለስ ሥራዬ በረታ። ሁለት ሰው በሁለት ቦታ መጠበቅ ነበረብኝ። ያን ጊዜ ነው ምላሴን ያስተማርኩት። የፊት ጥርሴን ከውስጥ በምላሴ እየነካሁ በሆዴ «እማዬ፣ አባዬ፣ እማዬ፣ አባዬ» እላለሁ። አፌ ተዘግቶ ስለሚሠራ ማንም አያይም። ክፍል ውስጥም፣ ምግብ ላይም፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜም እሠራው ነበር። መምህሯ ጥያቄ ስትጠይቀኝ ግን ማቋረጥ አለብኝ፤ ሳቋርጥ ደግሞ የእናቴ ፊት በደም ተነክሮ ይታየኛል። ያኔ ሆዴን ይቆርጠኛል።

ስለዚህ ከትምህርት ቤት መውጣት ጀመርኩ። በመጀመሪያ በዕረፍት ሰዓት ሮጬ እናቴ ቢሮ እሄድና በመስኮት አይቻት እመለሳለሁ። ከዚያ በቀን ሁለቴ ሆነ፤ ከዚያ ሦስቴ። ኋላም ሆዴን አመመኝ እያልኩ ጭራሽ መቅረት አመጣሁ። ውሸት አልነበረም፤ በእርግጥ ያመኛል። እናቴ ቢሮ በር ላይ ባለች ወንበር ተቀምጬ የጽሕፈት መኪናዋን ድምፅ እሰማለሁ። ድምፁ ቆም ሲል «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» እላለሁ። «ደህና ነኝ።» ጥቂት ቆይቼ ደግሞ «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» እላለሁ። «ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ።» ይህ ቀኑን ሙሉ ነው። አለቃዋ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ሆኖም አንድ ቀን በሩን ዘጉና ለእናቴ ብቻ አንድ ነገር ነገሯት። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ሥራ ልታጣ እንደምትችል አወቅኩ። ይህም በእኔ ጥፋት የሚመጣ ሌላ አደጋ ሆኖ በዝርዝሬ ላይ ተጨመረ።

በመጀመሪያ አሜባ ነው ተባልኩና መድኃኒት ወሰድኩ። ከዚያ ጠበል ተጠመቅኩ። ጠበሉን እወደው ነበር፤ ምክንያቱም እናቴ ከአጠገቤ አትለይም። አዴ ሀሊማ በበኩላቸው የሰው ዓይን ነው አሉ። በመጨረሻ ሆዴን ደጋግሞ የመረመረኝ ሐኪም ለእናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ቃል ተናገረና ወረቀት ጽፎ ሰጣት። የካርድ ክፍሉ ሰውዬ በትልቅ ፊደል ከስሜ በታች «ተመላላሽ» ብሎ ጻፈ።

ደነገጥኩ። ተመላላሽ ማለት ሆስፒታል ሳይተኛ የሚታከም ሰው እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከትምህርት ቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ትምህርት ቤት መመላለሴን ማን ነገረው? ካርዱን የያዘው ሰውዬ ቀጥሎ ለፖሊስ የሚሰጠው መሰለኝ። እናቴን ቀሚሷን ይዤ በዚያ በረኪና በሚሸት ኮሪደር መጨረሻ ወዳለው ክፍል ሄድን። ያ ክፍል የእብዶች ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ጭንቅላትን ከፍተው ያያሉ ያለኝ የክፍላችን ልጅ ነበር።

ውስጥ ያገኘናቸው ሰው ግን ምንም የሚከፍቱበት ነገር አልነበራቸውም። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ በመስኮቱ ላይ በገመድ የታሰረ ጨርቅ። ጋሼ ሮባ የቦሬ ሰው ናቸው፤ ከብርዱ አገር መጥተው የነገሌ ሙቀት አልስማማቸው ብሎ መሐረባቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ ነው የሚውሉት። እናቴ «ዶክተር» ስትላቸው «ነርስ ነኝ፤ የአእምሮ ነርስ» ብለው አረሟት። እኔን «አካም፣ ኢንታላ ኮ?» አሉኝ፤ እንዴት ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው። «ናጋ» አልኩ። ደህና ነኝ ማለቴ ነው፤ ውሸቴን ነበር።

ጭንቅላቴን ሳይሆን ጣቶቼን ነበር የፈለጉት። ፍርሃት ምንም ከሌለ የተጨበጠ እጅ፤ ሊገድለኝ ከደረሰ አሥሩም ጣት። «እናትሽ ከዚህ ክፍል ብትወጣስ?» ስድስት ጣት አሳየሁ። «ገበያ ብትሄድስ?» ስምንት። «ከተማ ለቃ ብታድርስ?» አሥር ጣት አሳይቼ ጣት አነሰኝ። እሳቸው ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ ከታች ወደ ላይ እንደ መሰላል ጻፉት። ከታች «እናቴ ጓሮ ስትሆን እኔ ቤት» የሚል ነበር፤ ከላይ «እናቴ ሌላ ከተማ ስታድር»። አንዱን ደጋግመን ሳንለምድ ወደ ሌላው አንወጣም አሉ። ፍርሃት ሲመጣ ሮጠሽ ካመለጥሽው ይጠነክራል፤ ቁጭ ብለሽ ካቆየሽው ግን ራሱ ይደክመዋል አሉኝ። አላመንኳቸውም።

ለእናቴም የቤት ሥራ ሰጧት። ደህና ነሽ ወይ ስላት አንድ ጊዜ ብቻ እንድትመልስልኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

«ልጄ እየተንቀጠቀጠች ዝም ልበላት ነው የሚሉኝ? እንዴት እጨክንባታለሁ?»

ጋሼ ሮባ ዝግ ብለው መለሱላት። «ወይዘሮ አስቴር፣ በጠየቀች ቁጥር ሲመልሱላት፣ የሚጠየቅ አደጋ አለ ማለትዎ ነው። ዝም ሲሉ ግን ከአጠገቧ አይሂዱ።»

የመጀመሪያው ሳምንት ለሁለታችንም ክፉ ነበር። እናቴ አንዴ መልሳልኝ ከንፈሯን ነክሳ ዝም ትላለች። እኔ ወለሉ ላይ እንከባለላለሁ። አንድ ማታ ሽንኩርት እየከተፈች ያለቀሰችው በሽንኩርቱ ይሁን በእኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። ግን መሰላሉን ወጣን። ጓሮው ቀላል ሆነ። ከዚያ አዴ ሀሊማ ሱቅ ስኳር እየመዘንኩ ግማሽ ሰዓት መቆየት፣ ከዚያ አንድ ሰዓት። ከዚያ ትምህርት ቤት እስከ ዕረፍት፣ ከዚያ እስከ ምሳ፣ ከዚያ ሙሉ ቀን። በየካቲት መጀመሪያ ሳምንቱን ሙሉ አንድም ቀን ሳልወጣ ተማርኩ። መምህሯ በክፍሉ ፊት አስጨበጨበችልኝ። አዴ ሀሊማ ከረሜላ ሰጡኝ። አባቴ ከፊልቱ ሲመጣ ተሸክሞ አዞረኝ። እናቴ ሌላ ሴት መሰለች፤ ፀጉሯን ተሠርታ ቢሮ ገባች።

ማንም የማያውቀው ነገር ግን ምላሴ ነው። እያንዳንዱን ደረጃ የወጣሁት እየቆጠርኩ ነበር። አንድም ደቂቃ ጥበቃዬን አልተውኩም። ሲጨበጨብልኝም እማዬ፣ አባዬ፣ እማዬ፣ አባዬ እያልኩ ነበር። ጋሼ ሮባ «ስንት ጣት?» ሲሉኝ ሁለት እያሳየሁ እዋሻለሁ። ጣቶቼ በትክክል ቢናገሩ ኖሮ አሁንም ስምንት ነበሩ። ምላሴ ጫፉ ላይ ቆስሎ ትኩስ ነገር አላስጠጣ ብሎኝ ነበር።

በየካቲት መጨረሻ እናቴን መሥሪያ ቤቷ ለአሥር ቀን ሥልጠና ወደ ሀዋሳ መደባት። በኮምፒውተር መጻፍ የማትማር ጸሐፊ ወደፊት እንደማትፈለግ ተነግሯታል። እናቴ ደብዳቤውን ስታሳየኝ ደስ እያላት ነበር፤ አንቺም አሁን በርትተሻል አለችኝ። ያን ቀን አስታወክሁ። በማግስቱ ከአልጋ አልወርድም አልኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ እንደገና «እማዬ፣ ደህና ነሽ?» ጀመርኩ። ሁለት ወር የደከምንበት ነገር በሦስት ቀን ፈረሰ። እናቴ ደብዳቤውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ይቅር፣ አልሄድም አለች። ነገር ግን ደብዳቤውን ለቢሮው ከመመለሷ በፊት ወደ ጋሼ ሮባ ወሰደችኝ።

ምን ተበላሸ ብለው አልጠየቁም። እናቴን በትሕትና ኮሪደሩ ላይ እንድትቆይ ለመኗትና ከእኔ ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ጉንጬን ትክ ብለው አዩ። ከዚያ «አሁን ምላስሽ ምን እየሠራ ነው?» አሉኝ።

ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። ጉንጬ ሲንቀሳቀስ ሳምንታት ሙሉ ሲያዩኝ ኖረዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው። የባጃጁን፣ የሳቄን፣ የአባቴን ክንድ። እስካሁን ያላቆምኩት ብቻዬን ስለምጠብቃቸው ነው፤ ብተው እናቴ ትሞታለች አልኩ። የማጭበርበሬ ዋጋ ግርፋት ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ወንበራቸውን ወደ እኔ አቀረቡ።

«ቦሬ ሳለን ታላቅ እህቴ ገብሳችንን ከዝንጀሮ ትጠብቅ ነበር» አሉ። «ማማ ላይ ወጥታ ከጠዋት እስከ ማታ ትጮኻለች። ነፋስ ሲነፍስ ትጮኻለች፤ ቅጠል ሲወድቅ ትጮኻለች። አንድ ቀን እንኳ ዝም በይ ስንላት፣ ዝንጀሮ ያልመጣው ስለጮህኩ ነው ትለናለች። ምን ብለን እንከራከራት? እውነትም አልመጣም። ከዚያ ጉንፋን ያዛትና ድምፅዋ ተዘጋ። አራት ቀን ማማው ላይ እያለቀሰች ተቀመጠች።»

«ከዚያስ?»

«አልመጣማ። ዝንጀሮዎቹ ጭራሽ በሌላው ሸለቆ ነበሩ።» መሐረባቸውን አውርደው ፊታቸውን ጠረጉ። «እኔ እህቴ ትክክል ናት ወይም ተሳስታለች አልልሽም። ዝም ብላ እስካላየችው ድረስ ልታውቅ አትችልም ነበር። አንቺም መሰላሉን እየጮህሽ ነው የወጣሽው።»

«ብሳሳትስ? እናቴ ናት እኮ።»

«ኤዬ፣ አዎ፣ እናትሽ ናት። ለዚያ ነው የሚከብደው።»

ያን ቀን ከክፍሉ ሳንወጣ አሥር ደቂቃ ሞከርን። ምላሴ እንዳይሠራ ጮክ ብዬ ከመጽሐፍ አነበብኩ፤ እናቴ ደግሞ ሆስፒታሉን ለቃ እስከ መንገዱ ማዶ ሄደች። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እናቴን በገዛ እጄ እየገደልኳት ነበር የመሰለኝ። ሁለት ገጽ እንዲሁ አነበብኩ፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ታሪኩን መስማት ጀመርኩ። ስለ አንዲት ዔሊ ነበር። በሩ ተከፍቶ እናቴ ስትገባ በእጇ ሙዝ ይዛ ነበር፤ ለእኔ መግዛቷ ነው። ቀሚሷን፣ ጫማዋን፣ ግንባሯን አየሁ። ምንም አልሆነችም።

ሥልጠናው እስኪጀመር በቀሩት ቀናት ከቤት ሆነን በየቀኑ ደገምነው። ምላሴ ሲጀምር እዘፍናለሁ ወይም ለአዴ ሀሊማ ጮክ ብዬ አነባለሁ። እናቴም ሐሳቧን ቀይራ እሄዳለሁ አለች። በሄደችበት ጠዋት ከአዴ ሀሊማ ጋር መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት፤ እስክትመለስ እሳቸው ጋ ነው የማድረው። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ምላሴ ተነሣ። አዴ ሀሊማን እጃቸውን ጨመቅኩና የምናልፋቸውን ሱቆች ስም እየጮህኩ ማንበብ ያዝኩ። እሳቸው አልገባቸውም፤ ግን አብረውኝ አነበቡ፤ እስከ ቤታችን።

ሦስተኛው ቀን ላይ እናቴ በአዴ ሀሊማ ስልክ ደውላ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶባቸው አዶላ ማደራቸውንና ጥርሷን እያመማት መሆኑን ነገረችኝ። ምላሴ ተነሣ። ያኔ ግን ሰዓቱን ቆጠርኩ፤ ጎማው የፈነዳው ገና በመጀመሪያው ቀን እኔ በሙሉ ልቤ ስጨነቅላት በነበረበት ሰዓት ነበር። ነገሩ ቀኑን ሙሉ ሲገርመኝ ዋለ። ጭንቀቴ ጎማ አልያዘም።

ፍርሃቱ በአንድ ጊዜ ተነቅሎ የጠፋ እንዳይመስላችሁ። ጋሼ ሮባ ይመለስ ይሆናል ብለው ነበር፤ በሚያዝያ ዝናብ መንገድ ተቆርጦ አባቴ ሲዘገይ ተመልሷል። ከመሰላሉ ሦስተኛ ደረጃ ጀምረን እንደገና ወጣን፤ ሁለተኛው ጊዜ ግን ሁለት ሳምንት ብቻ ፈጀብን።

ወደዚያ ሥልጠና ልመለስ፤ እናቴ ከሀዋሳ ቅዳሜ ትመጣለች ተብሎ ዓርብ መጣች። ያን ዓርብ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ሁለት የክፍል ጓደኞቼ ከከተማው ጫፍ ካሉት ግራሮች የሚታኘክ ሙጫ እንልቀም አሉኝና ተከተልኳቸው። ለማንም አልነገርኩም። ከቅርንጫፍ ላይ ያበጠውን ቢጫ ሙጫ በድንጋይ እየቀረፍን፣ እሾህ እየወጋን፣ ማን ትልቁን አገኘ እየተባባልን ቆየን። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅም አላየንም።

እናቴ ከሚኒባስ ወርዳ በቀጥታ አዴ ሀሊማ ሱቅ ሄደች፤ አልመጣችም አሏት። ትምህርት ቤት ሄደች፤ ተዘግቷል። ቢሮዋ በር ላይ ሄደች። ከዚያ ባጃጅ ኮንትራት ይዛ ሰፈር ለሰፈር ስትፈልገኝ ቆየች። ያየኋት በአቧራ ውስጥ ከባጃጁ ወርዳ በመንገድ ጫማዋ ወደ ግራሮቹ ስትሮጥ ነው። ትከሻዬን ያዘችኝ። 

«የት ነበርሽ?»

«ሙጫ ስንለቅም።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ፀጉሬ ላይ እሾህ አለ፤ ጉንጬ ሙጫ ነው። ጓደኞቼ ወደ ኋላ ሸሹ።

«እኔን አላሰብሽም?» አለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ከፊቷ ሌላ መልስ የምትፈልግ ትመስል ነበር።

«ዛሬ አላሰብኩሽም» አልኩ።

«ትንሽም?»

«ትንሽም።»

እናቴ ያንን የሀዋሳ ልብሷን እንደለበሰች ቀዩ አፈር ላይ ቁጭ አለች። ከንፈሯ ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ላይ ተመለሰ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻላት የማታውቅ ትመስል ነበር። ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ መዳፏን ወደ እኔ ዘረጋች፤ ከሙጫዎቼ ትልቁን መረጥኩና ሰጠኋት። አፏ ውስጥ ከተተችና ማኘክ ጀመረች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ባለባጃጁ ክላክስ አደረገ፤ ደገመው፤ ሁለታችንም አልተነሣንም።